ርካሽ ካታሊስት አገኘሁ ከማለትዎ በፊት

ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት የታወቀ ሥራ ነው። አስቸጋሪው በርካሽ ማውጣቱ ነው። ሥራውን የሚያቀላጥፉ ንጥረ ነገሮች ካታሊስት ይባላሉ፤ ምርጦቹ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ግን እጅግ ውድ ናቸው። በኒኬል፣ በኮባልትና በብረት ለመተካት ብዙ ወጣቶች ይለፋሉ። ልፋታቸው መና እንዳይቀር ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ።

ከሁሉ የከፋው፣ ሃይድሮጅን በሚወጣበት ጫፍ (ኤሌክትሮድ) ከፕላቲነም ነፃ የሆነ ካታሊስት እየፈተሹ በተቃራኒው ጫፍ የፕላቲነም ሽቦ መጠቀም ነው። ሽቦው በተለይ አሲድ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የሟሟው ፕላቲነም ተጉዞ በእርስዎ ናሙና ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የእርስዎ ናሙና! ናሙናው በሠራ ቁጥር እየተሻሻለ ከሄደ ደስ አይበልዎ፣ ይጠርጥሩ። በሽቦው ፋንታ የግራፋይት ዘንግ ይጠቀሙ።

ኦክስጅን በሚወጣበት ጫፍ ደግሞ ብረት ያታልላል። ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚጨመረው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ብረት አይጠፋም። ኮሪጋን የተባለ ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ይህች ጥቂት ብረት የኒኬልን ሥራ እጅግ እንደምታፈጥን አሳይቷል። ብረቱ ተጣርቶ ሲወጣ ኒኬል ብቻውን ደካማ ነው። ስለዚህ "ኒኬሌ ጎበዝ ነው" ከማለትዎ በፊት ፈሳሹን ከብረት ያጣሩ። ብርጭቆ ዕቃም ይተዉ፤ ፈሳሹ ብርጭቆውን እየበላ ቆሻሻ ያስገባል። ፕላስቲክ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ ስላለፈ ብቻ ጋዝ ወጣ ማለት አይደለም። ኒኬሉ ራሱ ኦክሳይድ እየሆነ፣ ካታሊስቱ የተለጠፈበት ካርቦንም እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ጋዙን ሰብስበው ይለኩ። የሃይድሮጅኑ መጠን የኦክስጅኑ እጥፍ መሆን አለበት።

በክፍል ሙቀት፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ አምፔር፣ ለአንድ ቀን ሠራ ማለትም አይበቃም። ፋብሪካ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል፣ ፈሳሹ 30 በመቶ ገደማ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ሥራው ለዓመታት ነው። ከፀሐይ ኃይል ጋር ከሆነ ደግሞ መብራቱ በየቀኑ ይበራል፣ ይጠፋል። ብዙ ካታሊስት የሚበላሸው ሲጠፋ ነውና ማብራት ማጥፋቱንም ይፈትሹ።

በመጨረሻ፣ የካታሊስቱን ዋጋ ብቻ አያስሉ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ቢያንስ 39 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በተግባር ከ50 በላይ ይሄዳል። ካታሊስትዎ ርካሽ ሆኖ ኃይል የሚያባክን ከሆነ፣ የተረፈውን ገንዘብ የመብራት ሂሳብ ይወስደዋል።