የምትሰማ ኳስ በሁለት ፌስታል

ማየት ለተሳናቸው ልጆች ደወል ያላት ኳስ ካላገኛችሁ ተራዋን ኳስ በፌስታል ጠቅልሏት። ወፍራሙ አይሆንም፤ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ስሱ ነው የሚሰራው። ሁለት ደርቡ፣ አፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና ትርፉን ብቻ በፕላስተር ለጥፉት። ጆሮው ከተንጠለጠለ እግር ይጠልፋል፤ ዙሪያውን በፕላስተር ከጠቀለላችሁት ደግሞ ድምፁ ይሞታል። ከኳሷ ትንሽ አየር አስወጡ። ብዙ የምትነጥር ኳስ አየር ላይ እያለች ስለማትሰማ ልጁ ትጠፋበታለች። ሳር ላይም ድምጿ ይደክማል፣ ሲሚንቶ ይሻላል።

ስትቆም ዝም ትላለች (ደወል ያላትም ያው ናት)። ስለዚህ ልጁ ጎሉ በየት በኩል እንደሆነ እንዲያውቅ አንድ ሰው ከጎሉ ጀርባ ቆሞ ያጨብጭብ። አንድ ሰው ብቻ! ከየአቅጣጫው ሲጮህለት ልጁ መሃል ላይ ተገትሮ ይቀራል። ተመልካቹም ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ዝም ይበል፤ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

መስመሩን በእግራቸው እንዲያውቁት ወለሉ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ሲባጎ ወጥራችሁ ከላዩ ፕላስተር ለጥፉበት። የጎልቦል (ማየት የተሳናቸው ኳስ በእጅ እያንከባለሉ የሚጫወቱት ስፖርት) ሜዳም የሚሰመረው በዚሁ ዘዴ ነው። በከፊል የሚያይ ልጅ ካለ ፌስታሉ ቢጫ ይሁን፤ ጥቁሩ አስፋልት ላይ አይለይም።