ግራር ነው ወይስ ፕሮሶፒስ? ድሬዳዋ ላይ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት

መልካ ጀብዱም ሆነ ሽንሌ መንገድ ላይ እሾህ ያለው ዛፍ ሁሉ ግራር ይባላል። ጉዳቱ እዚህ ይጀምራል፤ አገር በቀሉ ይቆረጥና ከአሜሪካ አህጉር የመጣው መጤ ፕሮሶፒስ ይቀራል። ያሳዝናል።

ቆረጥኩት፣ በብዙ ሆኖ ተመለሰ
ፕሮሶፒስ ነው፣ አንዳንዱ ወያኔ ዛፍ የሚለው። ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ አንድ ግንድ የነበረው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። ዶማ ያዙ። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከአፈር በታች ቢያንስ 10 ሳንቲ፣ ትልቅ ከሆነ እስከ 30 ሳንቲ ወርዳችሁ ቁረጡት።

ከግራር መለየት አቃተኝ
በእሾህ አትፍረዱ፤ ፕሮሶፒስም ብዙ ግራሮችም ጥንድ ጥንድ እሾህ አላቸው። አበባ ይሻላል፦ ዣንጥላ የሚመስለው ግራር ነጭ ድቡልቡል አበባ ሲያወጣ ፕሮሶፒስ ጣት የሚያህል ቢጫማ አበባ ያንጠለጥላል። ግን ሙጫ የሚሰጠው ግራርም ረዘም ያለ ነጣ ያለ አበባ ስላለው (እሱን ሦስት ሦስት ሆነው በቆለመሙት እሾሆቹ ታውቁታላችሁ) አበባ ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ፍሬውን አንሱና ስበሩት። የፕሮሶፒስ ፍሬ ሲበስል ቢጫ ነው፣ ወፈር ይላል፣ ውስጡ ጣፋጭ ነው፣ ደርቆም በራሱ አይከፈትም። የዣንጥላው ግራር ፍሬ እንደ ስፕሪንግ ይጠማዘዛል። ፍሬ ከሌለ ቅጠሉን ቀጥፋችሁ እዩ፦ የፕሮሶፒስ የቅጠል ዘንግ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ብቻ ሆኖ ይከፈላል፣ የግራሩ ግን ብዙ ጥንድ ነው፣ ቅጠሎቹም ደቃቅ ናቸው።

በረቱ አጠገብ ችግኙ አላልቅ አለ
ፍየሎችና ከብቶች ፍሬውን ይወዱታል፣ ዘሩ ግን ከሆዳቸው ሳይፈጭ ይወጣል። ፍሬውን ቀድማችሁ ልቀሙ። ወፍጮ ቤት በደንብ ከተፈጨ ዘሩ ስለሚሰበር አይበቅልም፤ ዱቄቱን ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ስጡ፣ ብቻውን አብዝቶ መመገብ ከብት ይጎዳል።

የአህያዬ ጋማ ይረግፋል
የምትበላው ዛፍ እሾህ ከሌለው፣ አበባው ነጭ ኳስ፣ ፍሬው ጠፍጣፋና ቡናማ ሆኖ በዘለላ ከተንጠለጠለ ሉኪኒያ ነው። ውስጡ ያለው ሚሞሲን የሚባል ንጥረ ነገር ፀጉር ያረግፋል። አህያና ፈረስ አታስጠጉ። ለከብት ጥሩ መኖ ነው፣ ግን ከመኖው ሲሶ አይለፍ።

ግንዱ አረንጓዴ ነው
ፓርኪንሶኒያ ይባላል። አበባው ፈካ ያለ ቢጫ፣ ቅጠሉ እንደ ክር ረዥም ነው። ደቻቱን በመሰለ አሸዋማ ወንዝ ዳር ካያችሁት፣ ዘሩን ጎርፍ ስለሚወስደው፣ ችግኝ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት።