ቪሎክ ስታድሱ የድሮውን ኮንፊገር ትዕዛዝ እንዳትጥሉት

ደሴና ኮምቦልቻ ቢሮ ውስጥ አንድ ሊኑክስ ማሽን ለሁለት ለሦስት እየተጋራችሁ፣ ከወንበር ስትነሱ ተርሚናሉን በቪሎክ የምትቆልፉ ይቺን ያዟት። ቪሎክ ያለበትን ኬቢዲ (kbd) የሚባል ፓኬጅ ከሶርስ የምትቢልዱ ከሆነ አዲስ ቨርዥን በመጣ ቁጥር የኮንፊገር ትዕዛዙን፣ ማለት ከቢልድ በፊት ሶርሱን የምታዘጋጁበትን፣ ከጭንቅላት አትጻፉ፣ የት እንደሚጫን የምትናገረዋን ፕሪፊክስ ብቻ ብትረሱ እንኳ አዲሱ ዩኤስአር ሎካል ስር ይገባና አሮጌው ዩኤስአር ቢን ውስጥ እዛው ይቀራል፣ ከዛ የትኛው እንደሚነሳ ግራ ነው።

አብሽሩ፣ ትዕዛዙ አልጠፋም። የድሮውን ፎልደር ከማጥፋታችሁ በፊት ኮንፊግ ዶት ሎግን ክፈቱ፣ ከላይ አካባቢ በዶላር ምልክት የሚጀምር መስመር አለ፣ ያኔ የጻፋችሁት ሙሉ ትዕዛዝ እሱ ነው፣ ኮንፊገርን የሚያመነጨው አውቶኮንፍ ራሱ ነው እንዲመዘገብ የሚያደርገው። ኮፒ አርጋችሁ ትንሽ የሼል ስክሪፕት ውስጥ አስገቡትና ምክንያቱንም ከጎኑ ጻፉ። የኔ ላይ «ፓም ገና ስላልተጫነ ዲሴብል ቪሎክ» ይላል (ፓም ቪሎክ ፓስወርድ የሚያረጋግጥበት ላይብረሪ ነው)፣ ፓም ሲጫን የትኛዋን እንደማወጣ ወዲያው አየሁት። ስክሪፕቱን ጊት ላይ አስቀምጡት።

ግን ቨርዥኑ ብዙ ከተቀየረ ስክሪፕቱን ዝም ብላችሁ አታስኪዱት። ኮንፊገር የማያውቃት ኢኔብል፣ ዲሴብል ወይም ዊዝ የምትል ኦፕሽን ስትመጣ ብዙውን ጊዜ አይቆምም፣ አላወቅኳትም ብሎ ዋርኒንግ ጽፎ ያልፋል፣ እሷን መስመር አንብቧት። መጀመሪያ ስትሞክሩም ሌላ ኮንሶል ላይ ሩት ሆናችሁ ግቡና ክፍት ተዉት፣ ሁሉንም ኮንሶል የምትቆልፈዋን ኦፕሽን (-a) አትንኳት፣ ምክንያቱም ኢቲሲ ፓም ዶት ዲ ውስጥ የቪሎክ ፋይል ከሌለ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፋችሁም ላይከፍትላችሁ ይችላል።