በርግማንን ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ከየት እንደሚጀመር ልንገራችሁ

ስለ ስዊድኑ ዳይሬክተር ኢንግማር በርግማን ሰምታችሁ አንዱን ፊልም ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የዘጋችሁት ካላችሁ ችግሩ የጀመራችሁበት ቦታ ይመስለኛል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠቆምለት ፐርሶና (1966፣ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነው፣ እኔም የጀመርኩት በሱ ነው ምንም አልገባኝም፣ ከሌሎቹ በኋላ ተመልሼ ሳየው ግን ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ስለዚ እሱን አቆዩት።

ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት ልጅነቱን ትንሽ እወቁ፣ ምክንያቱም ሰውየው ከራሱ ህይወት ነው የሚቀዳው። በ1918 ኡፕሳላ ተወለደ፣ አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ፣ ቤቱ ውስጥ ቅጣት ከባድ ነው፣ ይገረፋል፣ ቁምሳጥን ውስጥም ይዘጋበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አንድ የገና በዓል ላይ ደሞ በጣም የተመኛት ትንሽ የፊልም ማሳያ ማሽን ለወንድሙ ተሰጠች፣ እሱ የቆርቆሮ ወታደሮቹን ለወንድሙ ሰጥቶ በልዋጭ ወሰዳት። ይቺን ታሪክ ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

አሁን ከየዱር እንጆሪዎች (1957) ጀምሩ። የ78 አመት ፕሮፌሰር ለክብር ስነስርዓት ከስቶክሆልም ወደ ሉንድ በመኪና ይሄዳል፣ መንገዱ ላይ ያለፈ ህይወቱ ይመጣበታል፣ ታሪኩ በቃ ይሄው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያለችውን ህልም ግን በደንብ እዩዋት፣ ጭር ያለ መንገድ፣ ዘንግ የሌለው ሰዓት፣ የሬሳ ሰረገላ መጥቶ ጎማው ከመብራት ምሰሶ ጋር ይጋጭና ሳጥኑ ይወድቃል፣ ከሳጥኑ እጅ ወጥቶ ይይዘዋል፣ ሲያይ ሬሳው ራሱ ነው። ፕሮፌሰሩን የሚሰራው ቪክቶር ሾስትሮም ራሱ የድምፅ አልባው ዘመን ትልቅ ዳይሬክተር ነበር፣ ይሄ የመጨረሻ ፊልሙ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን ስታዩ እኔ ለምን እንዳለቀስኩ ይገባችኋል።

ቀጥሎ በዛው አመት የወጣው ሰባተኛው ማህተም። ከመስቀል ጦርነት የተመለሰ ባላባት በወረርሽኝ ዘመን ከሞት ጋር ቼዝ ይጫወታል። ሁሉንም ምልክት ልፍታ ብላችሁ አትድከሙ፣ ይልቅ ባላባቱና መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰዎች ሳር ላይ ቁጭ ብለው እንጆሪና ወተት የሚካፈሉባትን ቦታ ጠብቁ፣ ለኔ የፊልሙ ልብ እዛ ነው።

እንዴት እንደምታዩት ደሞ፣ በስዊድንኛው ድምፅ ከሰብታይትል ጋር እዩት እንጂ በሌላ ቋንቋ የተቀዳበትን አትምረጡ፣ ስልካችሁን አርቁት፣ በአንድ ቀን ሁለት አትደራርቡ። የበርግማን ትልቁ መሳሪያ የሰው ፊት ነው፣ በተለይ ከካሜራ ባለሙያው ስቬን ኒክቪስት ጋር መስራት ከጀመረ በኋላ፣ ዝምታ ሲመጣ ምንም እየሆነ አይደለም ብላችሁ አትዝለሉት፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዛ ነው። ፐርሶናን አሁን ክፈቱት፣ አንዷ መናገር ያቆመች ተዋናይት ሌላዋ የምትንከባከባት ነርስ ናት፣ ማን ማን እንደሆነ ቢምታታባችሁ አትጨነቁ መምታታት አለበት።

የጋብቻ ትዕይንቶች (1973) ለቲቪ በስድስት ክፍል የተሰራ ነው፣ በየማታው አንድ አንድ ክፍል ብታዩት ይሻላል። ከዛ በኋላ ህይወቱ ተናጋ፣ ጥር 1976 ስቶክሆልም ሮያል ድራማቲክ ቲያትር ልምምድ ላይ እያለ በታክስ ጉዳይ ፖሊስ ወሰደው፣ ክሱ ቢነሳም ሰውየው ታመመ፣ አገሩን ጥሎ ሙኒክ ገባ። የመኸር ሶናታ (1978) የስደቱ ጊዜ ፊልም ነው፣ ተዋናይት ኢንግሪድ በርግማን እናትየዋን ሆና የምትሰራበት፣ የአባት ስም ይጋራሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። ልጅየዋ የሙዚቃ ደራሲውን የሾፓንን ፕሪሉድ (አጭር ሙዚቃ) ለእናቷ በፒያኖ ትጫወታለች፣ ከዛ እናትየው ትክክለኛው እንዲህ ነው ብላ ራሷ ስትጫወት ካሜራው ልጅየዋ እናቷን የምታይበት ፊት ላይ ይቆያል፣ የዓመታት ቅያሜ አንድም ቃል ሳይወጣ እዛች ፊት ላይ ይነበባል።

ለመጨረሻ ያቆያችሁት ፋኒና አሌክሳንደር (1982) ይሁን። ሲኒማ ቤት የታየው 188 ደቂቃ ነው፣ የቲቪው 312፣ ጊዜ ካላችሁ ረጅሙን ምረጡ፣ ከፋፍላችሁም ቢሆን። አራት ኦስካር ወስዷል። አሌክሳንደር ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ በትንሿ ማሳያ ስዕል ሲያበራ፣ ቆይቶ ደሞ ጳጳሱ እንጀራ አባቱ በግርፋት ሲቀጣው፣ ያቺ የገና ማሽንና ያ የቄሱ ቤት ትዝ ይሏችኋል።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ ካልጠገባችሁ ሳራባንድ (2003) አለ፣ የጋብቻ ትዕይንቶቹ ሁለቱ ሰዎች ከ30 አመት በኋላ፣ ያው ተዋንያን፣ ሊቭ ኡልማንና ኤርላንድ ዮሴፍሶን አርጅተው። ስዊድን የመሄድ እድል ያላችሁ ደሞ ጎትላንድ የተባለችው ደሴት ደርሳችሁ በጀልባ ፎሮ ደሴት ተሻገሩ፣ ብዙ ፊልሞቹን የቀረፀበት፣ በ2007 ያረፈበትም እዛው ነው፣ መቃብሩ ደሴቷ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይገኛል።