አዙሪት ሲፈርስ በውሃ ቦይ ውስጥ እንዴት ይታያል? የጭራ መንቀጥቀጥስ እንዴት ይገመታል?

ስለታም ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ክንፍ አፍንጫው ቀና ሲል፣ ከፊት ጠርዞቹ የሚላቀቀው አየር በክንፉ ጀርባ ላይ ሁለት አዙሪቶችን ይሠራል። አዙሪቶቹ የክንፉን የማንሳት ኃይል ስለሚጨምሩ ጠቃሚ ናቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ክንፉ ከፍሰቱ አንጻር ቀና ያለበት ማዕዘን ሲበዛ በድንገት ሲፈርሱና የፈረሰው ፍሰት ከኋላ ያለውን ጭራ ሲደበድብ ነው። ኤፍ/ኤ-18 የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን በሁለቱ ቋሚ ጭራዎቹ ላይ የመዋቅር ድካም የገጠመው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ መፍትሔ ተብለው ከክንፉ ሥር ወደ ፊት በተዘረጉት ቅጥያዎች ላይ ትንንሽ አጥሮች ተተክለውለታል።

ክስተቱን በዓይን ለማየት የነፋስ ዋሻ የግድ አያስፈልግም። ጠርዙ ስለታም በሆነ ክንፍ ላይ አዙሪቱ የሚፈርስበት ቦታ በሬይኖልድስ ቁጥር (የፍሰቱን ፍጥነትና የክንፉን መጠን ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር በሚያነጻጽረው ቁጥር) ብዙም ስለማይለወጥ፣ በሰከንድ 8 ሴንቲሜትር ያህል በጸጥታ የሚፈስ ውሃ ይበቃል።

ከቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ርዝመቱ 25፣ የኋላ ስፋቱ 18 ሴንቲሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ይቁረጡ፤ የፊት ጠርዞቹ ወደ 70 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ይሆናሉ። ጠርዞቹን ከታች በኩል ብቻ በሞረድ ያሹሉ። የሚይዘውን ዘንግ ከክንፉ በታች ያድርጉት፤ በአዙሪቱ መንገድ ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ያለጊዜው ያፈርሰዋልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለሙ ነው። የምግብ ቀለም ከውሃ ስለሚከብድ ጥቂት አልኮል ጨምረው ክብደቱን ያስተካክሉ፤ ከዚያም በቀጭን ቱቦ ከክንፉ የፊት ሹል ጫፍ አጠገብ እጅግ በዝግታ ይልቀቁት። በኃይል የተለቀቀ ቀለም የአዙሪቱን እምብርት ወደ ኋላ ስለሚገፋው መፍረሱን ያዘገየዋል፣ ልኬቱም ይዛባል።

ማዕዘኑን ከ15 ዲግሪ ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ያሳድጉ። ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የነበረው ቀለም በክንፉ የኋላ ጠርዝ አካባቢ በድንገት ይቆማል፣ ይጠመዘዛል፣ ከዚያም ይበተናል፤ ማዕዘኑ ሲጨምር ይህ ነጥብ ወደ ፊት ይጓዛል። ቀለሙ ቀስ በቀስ መደብዘዙ ግን መፍረስ አይደለም።

አሁን በቪዲዮ ይቅረጹና ጥምዝምዙ በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ይቁጠሩ። የመፍረሻው ነጥብ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ይዋልላል፤ ይህን ከጥምዝምዙ ድግግሞሽ ጋር አያደባልቁ። ቆጠራው 0.4 ከሆነ፣ በክንፉ ርዝመት 0.25 ሜትር አባዝተው በፍጥነቱ 0.08 ሲያካፍሉ 1.25 ያገኛሉ። ርዝመቱ 8 ሜትር ለሆነና በሰከንድ 100 ሜትር ለሚበር ተመሳሳይ ክንፍ፣ ይኸው ቁጥር በፍጥነቱ ተባዝቶ ለርዝመቱ ሲካፈል ወደ 15.6 ኸርዝ (በሰከንድ 15.6 ጊዜ) ይመነዘራል።

የኤፍ/ኤ-18 ቋሚ ጭራ የመጀመሪያ የመታጠፍ ድግግሞሽ፣ ማለትም ጭራው ሲነካ በራሱ እየታጠፈ የሚንቀጠቀጥበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ፣ 15 ኸርዝ ገደማ ነው። የእርስዎ ጭራ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ እንዲህ ከተቀራረበ ጭራውን ከአዙሪቱ መንገድ ያውጡት ወይም አጥር ይሞክሩ፤ ፍጥነቱ ሲለወጥ ድግግሞሹም አብሮ ስለሚለወጥ ስሌቱን ለእያንዳንዱ የበረራ ፍጥነት ይድገሙት።