የአንድ ፎቶ የቀለም ወጪ እንዴት ይሰላል?

ቤቱ ውስጥ ፎቶ የሚያትም ሰው አንዱ ፎቶ ስንት ብር የሚያወጣ ቀለም እንደሚበላ ሳያውቅ ዋጋ ከቆረጠ፣ ወይ ይከስራል ወይ ደንበኛውን ይበድላል። በተለይ ጎንደር ላይ የጥምቀትና የሠርግ ፎቶ በሚበዛበት በጥር ወር፣ ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶ መቀመጥ አለበት።

በቀለሙ ማሸጊያ ላይ የሰፈረው የገጽ ብዛት ለዚህ አይሆንም። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አይኤስኦ 24711 በተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የሙከራ ገጾችን ደጋግሞ በማተም ሲሆን፣ በገጾቹ ላይ የወረቀቱ አብዛኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፎቶ ግን ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። ለፎቶ የወጣው መመዘኛ አይኤስኦ 29102 ነው፤ አምራቹ በእርሱ የተለካ የፎቶ ብዛት ከሰጠ ማሽኖችን ለማወዳደር ይጠቅማል።

ለራስ ሥራ የሚታመነው ሚዛን ነው። ግራምን እስከ ሁለት የነጥብ ቤት የሚያነብ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይበቃል፤ ሙሉ ጠርሙስን ለመሸከም አቅሙ ቢያንስ 200 ግራም ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ አንድ ያልተከፈተ የቀለም ጠርሙስ ይመዝኑ፤ ከዚያም የዚያኑ ዓይነት ባዶ ጠርሙስ ከነክዳኑ መዝነው ይቀንሱ። የተገዛበትን ዋጋ ለልዩነቱ ሲያካፍሉ የአንድ ግራም ቀለም ዋጋ ይወጣል። ለስሌት ያህል ጠርሙሱ 740 ብር ቢሆንና በውስጡ 74 ግራም ቀለም ቢገኝ፣ አንዱ ግራም 10 ብር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የፕሪንተሩን ታንኮች (ከጠርሙሱ ቀለም የሚገለበጥባቸውን ማጠራቀሚያዎች) ሁሉ እስከ ላይኛው መስመር ይሙሉና 40 ፎቶዎችን በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ያትሙ። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ጠርሙስ መዝነው ታንኩን እስከዚያው መስመር መልሰው ይሙሉ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ደግመው ይመዝኑ። የሁሉም ቀለሞች ልዩነት ተደምሮ 12 ግራም ከሆነ፣ ወጪው 120 ብር፣ ለአንዱ ፎቶ 3 ብር ይሆናል። ኤ4 ወረቀት የዚህን ፎቶ ስፋት ከአራት እጥፍ ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ወጪው ወደ 12 ብር ከ50 ይጠጋል።

በሙከራው የፎቶዎቹ ምርጫ ወሳኝ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ የሞላበት የጥምቀት ፎቶ ነጩን ከወረቀቱ ስለሚያገኘው ትንሽ ቀለም ይወስዳል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የውስጥ ግድግዳ ወይም የማታ ሠርግን የሚያሳይ ጥቁርማ ፎቶ ግን ብዙ ይጠጣል። ስለዚህ 40ዎቹ ፎቶዎች በትክክል ከሚያትሟቸው የተውጣጡና የተቀላቀሉ ይሁኑ። ጥቁሩ ፒግመንት (በፈሳሹ ውስጥ ያልሟሟ ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያለው) በሆነባቸው ፕሪንተሮች ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ከሌሎቹ ሦስት ቀለሞች ተቀላቅሎ ስለሚሠራ፣ ጥቁሩን ጠርሙስ ብቻ ማየት ያሳስታል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጽዳት ብክነትን ነው። ፕሪንተሩ ራሱን ሲያጸዳ ቀለሙን በውስጡ ወዳለው ስፖንጅ ያፈሰዋል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ሄዱ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል) ክዳኑ ላይ ሳይቀመጥ ሊቀርና ሊደርቅ ስለሚችል፣ ተጨማሪ ጽዳት ይጠይቃል። በበጋው ደረቅ አየር ይህ ይብሳል። ስለዚህ ፕሪንተሩን በራሱ ቁልፍ ያጥፉ እንጂ ሶኬት አይንቀሉ፤ የጽዳቱንም ድርሻ ለማወቅ ወሩን ሙሉ ከጠርሙስ የወጣውን ቀለም መዝግበው በታተሙት ፎቶዎች ብዛት ያካፍሉ። ከሙከራው የሚበልጠው ትርፍ የጽዳት ወጪ ስለሆነ፣ ዋጋ የሚቆረጠው በወሩ ቁጥር ነው።

በታንክ ፈንታ በካርትሪጅ (ቀለም በያዘና በሚነቀል ቀፎ) የሚሠራ ፕሪንተር ያለው ሰው ካርትሪጁን ራሱን ከኅትመቱ በፊትና በኋላ ይመዝን፤ በአንዳንድ ማሽኖች ማውጣትና ማስገባት ጽዳት ስለሚያስነሳ በየመሐሉ መንቀል አይገባም። የቀለሙ ዓይነት፣ ወረቀቱ ወይም በኮምፒዩተሩ የተመረጠው የጥራት ደረጃ ከተለወጠ ግን የሚረጨው ቀለም ስለሚለያይ ሙከራው እንደገና ይሠራ።