ስለ ሥራ ኤቲቪ ባለቤቶችን ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሥራ ኤቲቪ (እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት፣ ለአስቸጋሪ መንገድ የሚሆን ባለአራት ጎማ ማሽን) መግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያላቸውን ሰዎች መጠየቅ ነው። ‹‹እንዴት ነው? ያስቸግራል?›› ይላል። ደግ አደረገ፤ ከሻጭ ወሬ የባለቤት ቃል ይሻላል። ችግሩ መልሱን የምንሰማበት መንገድ ላይ ነው። አንዱ ‹‹ብረት ነው፣ ንክች አያደርገውም›› ይላል። ሌላው ያንኑ ሞዴል ገንዘብ ማቃጠያ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይዋሹም። የተለያየው ያሠሩት ሥራና የያዙበት አያያዝ ነው።

ገና የገዛን ሰው ማመን

በአዲስ ማሽን ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው የገዛውን ዕቃ ማጣጣል ይከብደዋል። ኩሽኔታ የሚያልቀው፣ ሽቦ የሚላላው ቆይቶ ነው። ዝናቡንም አቧራውንም ያሳለፈበትን ሰው ይፈልጉ።

ኪሎሜትሩን አይቶ ሰዓቱን መርሳት

የሥራ ኤቲቪ ድካም በደንብ የሚታወቀው በሰዓት ነው። ብዙዎቹ ዳሽቦርዳቸው ላይ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር መቁጠሪያ አላቸው። አንዱ 2,000 ኪሎሜትር በ100 ሰዓት ሄደ እንበል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ነው። ሌላው ያንኑ 2,000 ኪሎሜትር በ400 ሰዓት ጨረሰ፤ በሰዓት 5 ኪሎሜትር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ እየሠራ ብዙ የቆመ፣ ወይም ጭነት ይዞ ቀስ እያለ ሲጎትት የኖረ ነው። ኪሎሜትራቸው እኩል ነው፣ ሞተሩ ግን አራት እጥፍ ሠርቷል። ስለዚህ ‹‹2,000 ኪሎሜትር ነድቼው ምንም አልሆነም›› የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሰዓቱን ይጠይቁት።

በብራንድ ስም መፍረድ

‹‹የእገሌ ምርት አይሞትም፣ የእገሌ ግን ወረቀት ነው›› የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልዩነቱን ካምቢዮው ላይ ይፈልጉት። የሆንዳ ራንቸርና ፎርማን ኃይል የሚያስተላልፉት በማርሽ ነው፤ ቺንጋ የላቸውም። የፖላሪስ ስፖርትስማን፣ የካን-አም አውትላንደር፣ የያማሃ ግሪዝሊና ኮዲያክ ደግሞ በቺንጋ ይሠራሉ። ቺንጋ ለነጂ ይመቻል፤ እየነዱ ማርሽ መቀየር የለም፣ ቆመው ከፍተኛውን ወይም ዝቅተኛውን መምረጥ ብቻ ነው። ጠላቶቹ ሙቀትና ውሃ ናቸው። ከባድ ተጎታች ይዞ በከፍተኛው ማርሽ ቀስ እያለ የሚነዳ ሰው ቺንጋውን ያንሸራትተዋል። ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይቃጠላል። አምራቾች ‹‹ለጭነትና ለዝግታ ጉዞ ዝቅተኛውን ማርሽ ተጠቀሙ›› የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ‹‹ይሄ ነገር ቺንጋ ይጨርሳል›› ካለዎት፣ ሲጎትት በየትኛው ማርሽ እንደነበር ይጠይቁት። ‹‹ሁሌም በከፍተኛው›› ካለ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ባለቺንጋ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ይወቁ። የያማሃው አሠራር ለምሳሌ ቺንጋው እንደተወጠረ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ባለማርሹም ቢሆን ጣጣ አያጣም። በኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዓይነት ባትሪ ሲደክም ማርሹ እምቢ ሊል ይችላል። ይህን ‹‹ካምቢዮው ተበላሸ›› ብሎ የሚያወራ አይጠፋም።

የተነካካ ማሽንን ከፋብሪካው ጋር አንድ ማድረግ

ትልልቅ ጎማ ሲገጠም በካምቢዮውና በዘንጎቹ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ማሽኑ ከመሬት ከፍ እንዲል ሲደረግ ደግሞ ዘንጎቹ በሰያፍ ይሠራሉ፤ መጋጠሚያቸው ቶሎ ያልቃል። እንዲህ ያለው ባለቤት ያማው ራሱ የሠራውን ማሽን ነው።

ያለቀንና የተበላሸን አለመለየት

ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ ማለቃቸው አይቀርም። እነዚህን ለውጫለሁ ብሎ የሚያማርር ሰው አያስፈራዎት። ማስፈራት ያለበት ሌላ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ‹‹እዚሁ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል›› ወይም ‹‹ያው ሴንሰር ደጋግሞ ይሞታል›› እያሉ አንድ ነገር ከነገሩዎት፣ ያ የአሠራር ችግር ስለሚሆን ይመኑ። ለእኔ ከአሥር ‹‹ቆንጆ ነው›› እንዲህ ያለ አንድ ዝርዝር ይበልጣል።

የድሮውን ዝና ለአዲሱ ማውረስ

በካርቡራቶር ይሠራ የነበረው የድሮ ሞዴል ዝና ለዛሬው ምስክር አይሆንም። ስሙ አንድ ቢሆንም የዛሬው የነዳጅ መርጫው፣ መሪው፣ ሴንሰሩ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሰርቪስ ሳይጠይቁ መመለስ

እኔ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው ባይ ነኝ። የብዙ ኤቲቪ አየር ማጣሪያ በዘይት የሚረጥብ ስፖንጅ ነው። ሳይታጠብ ከቆየ ወይም ከተቀደደ አቧራው ወደ ሞተር ያልፋል፤ ፒስተንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ከዚያ ማሽኑ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ባለቤቱም ‹‹ሞተሩ ደካማ ነው›› ብሎ ያወራል።

ያገለገለ ሊገዙ ከሆነ ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ማጣሪያውን አስወጥተው ከጀርባው ያለውን የአየር ቱቦ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ‹‹ሰርቪስ አላቋረጥኩም›› የሚለውን ቃል አይቀበሉ። የዘይት መለኪያውንም ይምዘዙ። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ውስጥ ተነድቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ ብቻ እየሄደ እርጥበት ሰብስቧል። የትኛው እንደሆነ ሜካኒክ ፈትቶ ሳይነግርዎት ገንዘብ አይክፈሉ።